የእኛ ቤት ሽታ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ለሚጡ እናት፣

እንዴት ከረማችሁ? እህትሽ ደህና ናት? የሚጡ ሳል ተወት አደረጋት? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሌላው ጉዴ ግን በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ወረቀት የያዝኩት። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ቃል ይጠፋኛል፣ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም «እሺ፣ እሺ» ተባብለን እንዘጋለን። እዚህ ላይ ግን እስክጨርስ ልታቋርጪኝ አትችዪም። ለአንድ ቀን እንኳ እኔ ልናገር።

«ምዝገባው ሰኞ ነሐሴ 18 ያበቃል። እስከዚያ ቤቱ ከሽታው ከጸዳ እንመለሳለን፤ ካልጸዳ ግን ሚጡን እዚሁ አስመዘግባታለሁ» ብለሽኝ ነበር። በቁጣ ብትዪው ኖሮ ቁጣ ነው፣ ያልፋል እል ነበር። አንቺ ግን ቀስ ብለሽ፣ አስበሽበት ነው ያልሽው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ ቀደመ፣ አልዋሽሽም። ሰው ትዳሩን ጥሎ የሚሄደው በመጠጥ ነው፣ በዱላ ነው፣ በሌላ ሴት ነው፤ በቤት ሽታ የፈረሰ ትዳር የት ታይቷል? እያልኩ ከግድግዳው ጋር ስሟገት ዋልኩ። አስተማሪዋ ጠርታሽ «ልጆቹ አጠገቧ አንቀመጥም ስላሉ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ» ያለችሽንም የልጆች ነገር ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ልጅ ዛሬ ይጣላል፣ ነገ አብሮ ይጫወታል ብዬ።

ያም ሆኖ በማግስቱ ፎርማኑ ቢሮ ገብቼ የተጠራቀመውን የዓመት ፈቃዴን በሙሉ ጠየቅኩት። ታውቂው የለ፣ ያለ ቀልድ ፊርማ አይፈርምም።

«ሰው ፈቃድ ወስዶ ዘመድ ይጠይቃል፣ አየር ይለውጣል። አንተ ምን ልትሠራ ነው?»

«ቤት ላጥብ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ሚስቴ።»

ብዕሩን አነሳና «የሚያዝህ ሰው ካለህማ ሂድ» ብሎ ፈረመልኝ። ብቻውን እንደሚኖር ትዝ ያለኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ችግሩ ምን መሰለሽ? አንድ ሰው ያላየውን እድፍ እንዴት ያጥባል? እኔ ቆዳ ፋብሪካው ገብቼ ጥሬ ቆዳ ከሚዘፈዘፍበት ገንዳ ዳር የቆምኩት አንቺን ሳላውቅሽ ነው። አዲስ ሰው ሲቀጠር ለመጀመሪያው ሰሞን አፍንጫውን በመሐረብ ያስራል፣ ያስመልሰዋል፣ ምሳ አይበላም። ከዚያ አንድ ቀን መሐረቡን ይፈታና አያስርም። «ለመደው» እንላለን። ለመደው ማለት አፍንጫው ሞተ ማለት መሆኑን ማንም አይነግረውም። የእኔም እንደዚያ ነው። ሽንኩርት ሲያርብኝ በጭሱ ነው የማውቀው። ስለዚህ የሰው አፍንጫ መዋስ ነበረብኝ።

የጎረቤታችንን የፀጉር አስተካካዩን ሚስት ለመንኳት። አንቺ ስትሄጂ ሆዷ ገና ገፋ ገፋ እያለ ነበር፤ እኔ ፈቃድ ስወጣ ግን ለመውለድ ደርሳ ነበር። በእርግዝናዋ አፍንጫዋ እንዲህ ሆኗል አይባልም፤ ባሏ ሱቁ ውስጥ ሆኖ የማንን ፀጉር በየትኛው ቅባት እንዳሸ ማታ ሲገባ ትነግረዋለች። «ሥራሽ ምንም አይደለም፤ ከበሩ ገብተሽ እስከቻልሽበት ድረስ መራመድ ነው፤ የቆምሽበትን እኔ አያለሁ» አልኳት። ሳቀች፣ ግን እሺ አለች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ እኔ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ጥግ ይዤ እቆማለሁ።

መጀመሪያ ወለሉን በሳሙናና በበረኪና ፈተግኩት፤ ጉልበቴ ተላጠ። እሷ መጥታ ደፍ ላይ አንድ እግሯን አሳረፈች፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አደረገችና ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን ልበልህ… ድሮ ቆዳ ብቻ ነበር፤ አሁን በረኪና የጠጣ ቆዳ ሆነ።»

ባሏ ደግሞ ለዚህ መላ አለኝ ብሎ ከሱቁ ኮሎኝ አመጣና መጋረጃው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ አልጋው ላይ ረጨልኝ። ውጤቱን አልነግርሽም። ሚስቱ ከግቢው በር ነው የተመለሰችው። «ሽታ ላይ ሽታ አይደረብም! ይኼንን ስንት ዓመት ፀጉር አስተካክለህ አላወቅክም?» እያለች እሱን እየገፋች ሄደች።

ከዚያ የራሴን ብልሃት አመጣሁ፤ ምነው ባላመጣሁት። ኖራ ቤት ያነጻል፣ እርጥበት ይጠጣል ሲባል እሰማለሁ። ፋብሪካው ግቢ ጥግ ላይ የተረፈ ግማሽ ጆንያ ኖራ ስለነበር አስፈቅጄ ተሸክሜ መጣሁና ሁለቱንም ክፍል ነጭ በነጭ አደረግኩት። አቤት ሲያምር! ዕቃውን መልሼ ደረደርኩ፣ ሸሚዜን ቀየርኩ፣ ደረቴን ነፍቼ ጎረቤቶቼን ጠራኋቸው። ፀጉር አስተካካዩ በሩን ገፋ አድርጎ ወዲያው ወደ ኋላ ዘለለ።

«ጋሼ! እንቁላል ነው እንዴ ግድግዳው ውስጥ የቀበርከው? ያውም የገማ!»

ለካ ጆንያው የከረመው ፀጉር ከቆዳ ከምናስለቅቅበት ገንዳ አጠገብ ነው፤ የገንዳው መድኃኒት ሲረጭበት፣ ሲጠጣው ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ጆንያውን ሲፈታ ይጥለው ነበር። እኔ ግን በዚያው ቤቴን ቀባሁት፣ ደርቆ እስኪያልቅም ውስጡ ተኛሁ። ግድግዳውን መልሼ ፍቄ እስክጨርስ ትከሻዬ ሊገነጠል ነበር። በዚያ መሐል ደጋግሜ ረግሜሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ፣ አቧራ እየዋጥኩ ስለሆነ ከአንጀቴ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ሰው የሚለኝን መስማት ጀመርኩ። ቱታዬንና ቦት ጫማዬን ከበሩ ጀርባ አውጥቼ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ጓሮ አስቀመጥኩ። ግድግዳውን በአቼቶና በውኃ ወለወልኩ። ፀጉር አስተካካዩ «ከበረኪናው ጋር በአንድ ባልዲ እንዳታገናኘው፤ ቤቱ ሳይጸዳ አንተ ትጸዳለህ» ብሎ ስላስጠነቀቀኝ በረኪናውን ከቤት አስወጣሁት። በየጥጉ ከሰል በሳህን አስቀመጥኩ። ቁምሳጥኑን ባዶ አድርጌ በሩን ከፍቼ አሳደርኩት። የሰፋሽውን መጋረጃ ቀቀልኩት፤ አሁን መስኮቱን ግማሽ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ስታዪው እንዳትስቂ። የእኛን ፍራሽ ሽፋኑን ስቀድደው ጥጡ በእኔ በኩል ቢጫ ሆኖ አየሁትና ጣልኩት። አሁን የምተኛው ጣውላ ላይ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጎረቤታችን ወደ ውስጥ መራመድ ጀመረች። ከደፉ አለፈች። ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። አንድ ቀን የእኛ መኝታ ክፍል ገብታ እንደ ንግሥት ግራ ቀኝ አየችና «እዚህ ምንም የለም» ስትል ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ሚጡ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። «እዚህ ነው ጋሼ። እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ብላ አፏን ይዛ ወጣች። እኔም ክፍሉን ገለበጥኩት፤ አልጋውን ፈታሁ፣ ልብሷን በሙሉ አጠብኩ፣ ወለሉን ደግሜ ደጋግሜ ፈተግኩ። ብትመጣ ያው እዚያው በር ላይ ትቆማለች። ከዚያ ደግሞ ወለደች፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ላያት ስሄድ «ጋሼ፣ አፍንጫዬ ከልጁ ጋር ወጣ መሰለኝ፣ አሁን እንደ ሰው ነው የማሸተው» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ወዲያው ቀኑን ቆጠርኩ። ምዝገባው እየደረሰ ነው፣ የቀረኝ የሚጡ ክፍል ብቻ ነው፣ የሚያሸትልኝ ደግሞ ጠፋ።

አሁን የምነግርሽን አትሳቂብኝ። አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አንድ ነገር አፍንጫዬን ነካኝ። ያመመኝ መስሎኝ እጄን ከፊቴ አራቅኩ፤ ሄደ። መለስኩት፤ መጣ። ሳሙናው ነው! ሳሙናውን አነሳሁና እንደ ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ደፈንኩት። ለካ የሞተ አፍንጫ ይመለሳል፤ ከፋብሪካው እንዲህ ርቄ ስለማላውቅ አላወቅኩም ነበር። ያን ቀን ያየኝ ሰው ምን እንዳለኝ እንጃ፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሳልገዛ ቆምኩ፣ ዝናብ የመታውን አፈር አሸተትኩ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ገብቼ ጠርሙስ እየከፈትኩ አስቸገርኩት። እንደ ሕፃን ነበር ያደረገኝ። ወዲያው ደውዬ ልነግርሽ ስል ወደ ቤት ገብቼ መጀመሪያ የሚጡን ክፍል ላረጋግጥ አልኩ።

ዝናብ ስለነበር መስኮቱ ዝግ ነው። በሩን ስከፍተው የመጣብኝን ነገር በምን ልግለጽልሽ? ተንበርክኬ ወለሉን ተከተልኩት፤ ግድግዳው አይደለም፣ ፍራሹ አይደለም፣ ልብሱ አይደለም። አጎዛው ነው።

ያ ነጩ አጎዛ። ስትወለድ ከስንት ቆዳ መሐል መርጬ፣ ለማሽን አልሰጥም ብዬ በገዛ እጄ አልፍቼ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ አልጋዋ ሥር ያነጠፍኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄን ያለፋሁት እኔ ነኝ» እያልኩ የማሳየው። ቤቱን ሁሉ ገልብጬ ስፈትሽ እሱን ብቻ አልጠረጠርኩም። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር አወጣዋለሁ፣ በብሩሽ አበጥረዋለሁ፣ ቀስ አድርጌ መልሼ አነጥፈዋለሁ። አሁን አገላብጬ መሐሉን በጥፍሬ ፈቀቅ ሳደርገው ውስጡ ጥሬ ነው። ቸኩዬ ነበር፤ አንቺ ሳትወጪ ይድረስልኝ ብዬ ከማልፊያው መድኃኒት ቶሎ አውጥቼዋለሁ። ዝናብ በመጣ ቁጥር እርጥበት ሲስብ፣ ውስጥ ውስጡን ሲበሰብስ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሯል። ቆዳ ለፍቶ እንደሆነና እንዳልሆነ በጣቴ ነክቼ የምለይ ሰው ነኝ የምል እኔ፣ ለልጄ የሰጠኋት ያልለፋ ቆዳ ነው። ልጄ ጠዋት ጠዋት እግሯን የምታሳርፈው እሱ ላይ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን የምትጥለው እሱ ላይ፣ ዩኒፎርሟ የሚሰቀለው ከእሱ በላይ ነው።

ለምን አልነገርሽኝም? ብዬ ልጮህ ነበር። ከዚያ አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ መጣልኝ። ስንት ጊዜ ጠቅልለሽ በረንዳ ላይ አውጥተሽዋል! እኔ ነኝ «ልጅቷን ብርድ ይምታት?» እያልኩ የምመልሰው። አንቺ «ቤቱ ይሸታል» ትያለሽ እንጂ አንድም ቀን «አጎዛህ ይሸታል» ብለሽኝ አታውቂም። ሚጡም ብትሆን። ከሥራ ስገባ ጉንጯን ነፍታ እየሮጠች ትመጣ የለ? እኔ ጨዋታ መስሎኝ ጉንጯን በጣቴ እየወጋሁ አስተነፍሳት ነበር። ጨዋታ አልነበረም። ትንፋሿን ይዛ ነው ስታቅፈኝ የኖረችው። ልጄ እኔን ለማቀፍ ትንፋሿን ትይዛለች! ያን ቀን አጎዛው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።

አጎዛውን ለቆሻሻ መኪናው ሰጠሁት። ሠራተኛው «ይሄን የመሰለ ነገር ይጣላል?» ሲለኝ «ይጣላል» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ክፍሉን እንደገና አጥቤ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ደግሜ አሸተትኩ። ምንም የለም። የፀጉር አስተካካዩ ሚስትም ልጇን ታቅፋ መጥታ ሚጡ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ አጠባችው፤ ሕፃኑም እዚያው ተኛላት። ስለዚህ አፌን ሞልቼ እነግርሻለሁ፣ ቤቱ ጸድቷል። ያልሽኝን አድርጌዋለሁ።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ማክሰኞ ዕለት ፎርማኑ ሊጠይቀኝ መጣ። ፍራፍሬ ይዞ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ። እንደምታውቂው እሱ እንኳን ለእንግድነት ለሥራም ሲመጣ ሙሽራ ነው፤ ሳሙናውን ይጨርሰዋል። ገና እጁን ሲዘረጋልኝ የፋብሪካው ሽታ ከሸሚዙ ውስጥ፣ ከእጁ፣ ከፀጉሩ ወጣ። ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያወራ በአፌ ነበር የምተነፍሰው። ጓደኛዬን ነው። ምንም አያውቅም፤ ሳቁን ይስቃል፣ ቤቱ እንዴት እንዳማረ ያደንቃል። ሲወጣ በሩ ላይ ሳመኝና ሄደ፤ እኔም መስኮቱን በሙሉ ከፈትኩ። ከፍቼ ሳበቃ ነው ነገሩ የገባኝ። እሱ የሚውለው ቢሮ ነው። እኔ ገንዳው ውስጥ ነኝ።

ሳይወጣ በፊት ያለቀለት ቆዳ ወደሚቀመጥበት መጋዘን እንዲያዛውረኝ ጠይቄው ነበር። «ከአንተ በፊት የጠየቁ አሉ፤ አልዋሽህም፣ ዘንድሮ አይሆንም» አለኝ። ሌላ ሙያ የለኝም። ሚጡን የሚያስተምራት ይኸው ገንዳ ነው። ሰኞ ፈቃዴ ያልቃል፣ እገባለሁ። ጥቂት ከቆየሁ አፍንጫዬ ተመልሶ ይሞታል። ያኔ ደውዬ «ቤቱ ምንም አይሸትም» እልሻለሁ፤ እምልልሻለሁም፤ እውነቴንም ይሆናል። እንዳታምኚኝ። የዛሬውን ነው የምታምኚው።

ስለዚህ እዚያው አስመዝግቢያት። ይህን ቃል ለመጻፍ ነው እዚህ ድረስ ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩት። ከልጆች መሐል ትቀመጥ። ስለ እኔና ስለ አንቺ ዛሬ አልጽፍም፤ አንቺም ቶሎ እንድትመልሺልኝ አልፈልግም። ሽታው ብቻ ነበር ወይ ያራቀሽ ብዬ መጠየቅ አማረኝ፤ ግን መልሱን ለመስማት ገና አልጠነከርኩም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ይህ ደብዳቤ ከአውቶቡሱ ሹፌር ጋር ነገ ይደርስሻል፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ልብስ ሰፊው አዲስ ሸሚዝ ሰፍቶልኛል፣ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ነው ታጥቤ ለብሼው የምነሳው። ሰው ሕፃን ሲያቅፍ አንገቱ ሥር ገብቶ «ወይ ጠረኑ!» ሲል ስሰማ እኖራለሁ። እኔም እል ነበር፣ ሰው ስለሚል። የልጄን ጠረን ግን አላውቀውም። ሚጡ አድጋለች፣ ታፍር ይሆናል፤ እሺ ካለች ብቻ ነው። አንዴ አናቷን አሽትቼ ልመለስ። ከሰኞ በኋላ ብትሰጪኝም አልችልበትም።

የምትተነፍሱት አየር ሁሉ የሰላም ይሁንላችሁ፤ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውራችሁ። እህትሽን በጣም ሰላም በዪልኝ።

የሚጡ አባት

አደራ፣ ቅዳሜ እስክመጣ ፀጉሯን አትጠቢያት። ሳሙና እዚህም አለ።